ካንሰሬ ቴሎመሬዝ አልነበረውም

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን አንድ ስሕተት አስተምሬያለሁ። ያረመኝ የገዛ እግሬ ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ስለ ሴል ክፍፍል ሳስተምር ከሁሉ የምወደው የቴሎመርን ክፍለ ጊዜ ነበር። በየክሮሞዞማችን ጫፍ ላይ ቴሎመር የሚባል የዲኤንኤ ክፍል አለ። ሴሉ ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ያ ጫፍ ጥቂት በጥቂት ያጥራል። በጣም ሲያጥር ሴሉ መከፋፈሉን ያቆማል፤ ያረጃል። ይህን ካስረዳሁ በኋላ ወደ ሰሌዳው ዞሬ በትልቁ እጽፋለሁ፦ የካንሰር ሴሎች ሁሉ ግን ቴሎመሬዝ የሚባለውን ኢንዛይም ቀስቅሰው ጫፋቸውን መልሰው ያስረዝማሉ፤ ስለዚህ አያረጁም። «ሁሉ» የሚለው ላይ ስደርስ ሁለት ጊዜ አሰምርበት ነበር። ጠመኔው እስኪሰበር።

ሕመሙ የጀመረኝ በሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከግራ ጉልበቴ ከፍ ብሎ። መጀመሪያ ከመቆም ብዛት መሰለኝ። መምህር ሆኖ እግሩን የማያመው ማን አለ? አባቴ ደግሞ ጥፋቱን ጫማዬ ላይ ጣለው። አባቴ ዕድሜውን በአሮጌው ባቡር ጥገና ክፍል የጨረሰ ብረት ሠሪ ነው፤ ለሚሰበር ነገር ሁሉ ምክንያት አያጣም። «ሶሉ ጠፍጣፋ ነው፤ ሚዛንሽን አሳጥቶሻል» አለኝ። ጫማ ቀየርኩ። ሕመሙ ባሰ። ከክፍል ወደ ክፍል ስሄድ ግድግዳ መያዝ ጀመርኩ፤ ተማሪ ሲመጣ እጄን አነሣና የተለጠፈ ማስታወቂያ የማነብ እመስላለሁ።

ነገሩን የቆረጠችው ጎረቤታችን ናት። ታይዋን ገበያ ልብስ የምትሸጥ፣ ግዙፍ፣ ድምፀ ጎርናና ሶማሌ ሴት ናት፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤታችንን ሳታንኳኳ ትገባለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው ሁሉ ከሙቀት ሸሽቶ በየጥላው ሲጋደም፣ እኔን በረንዳው ላይ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ አገኘችኝ። ቀሚሴን ገለጥ አድርጋ እብጠቱን አየችና እጇን ሰበሰበች።

«አባዮ» አለችኝ፤ በእነሱ ቋንቋ እኅቴ ማለት ነው፤ «ይኼ የጫማ አይደለም። ነገ ራጅ ትነሺያለሽ። እምቢ ካልሽ፣ ወላሂ፣ ተሸክሜ ነው የምወስድሽ።»

እንደምትሸከመኝ ስለማውቅ ሄድኩ። ሱቋን ዘግታ በባጃጅ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ዝም ብሎ ቆየ። «ዝም አትበል፤ እኔ አስተማሪ ነኝ፤ መልሱን የማያውቅ ልጅ ፊት አውቃለሁ፤ አንተ ግን ታውቀዋለህ» አልኩት። አዲስ አበባ እንድሄድ ነገረኝ። ዛሬ ካልሆነ ነገ።

አዲስ አበባ ከአጥንቴ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ የአጥንት ካንሰር ሆነ። አባቴ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን በሁለት እጁ ሲጠመዝዝ አየሁት። እኔ አላለቀስኩም። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ በጣም ተናድጄ ስለነበር ነው። ማንን እንደተናደድኩ አላውቅም። ለዓመታት ስሙን እየጠራሁ ሳስተምረው የኖርኩት ነገር፣ ስሜን ሳይጠይቅ ቤቴ ገብቶ ነበር።

የካንሰር መድኃኒቱ፣ ኬሞው፣ ተጀመረ። በሁለተኛው ዙር መሃል፣ ፀጉሬ ካለቀ በኋላ፣ ነርሷን አንድ ነገር ጠየቅኋት፤ የራሴን ሴሎች ማየት እንደምፈልግ። ሳቀች። አልሳቅኩም። ሦስት ቀን ተከታትዬ ስጠይቅ ናሙናዬን ወደ መረመረችው ሐኪም፣ ወደ ፓቶሎጂስቷ ላከችኝ።

ፓቶሎጂስቷ ሃምሳውን ያለፈች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት ነበረች። «ለምን ማየት ፈለግሽ?» አለችኝ።

«የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ።»

«እሱ ምክንያት አይደለም።»

«የሚገድለኝን ነገር መልኩን ማየት እፈልጋለሁ።»

«ይገድልሻል ያለሽ ማነው?» አለችና ከወንበሯ ተነሥታ ቦታዋን ለቀቀችልኝ።

በማይክሮስኮፑ ውስጥ ሐምራዊና ሮዝ የሆነ ዓለም ነበር። ጤነኛ አጥንት ሴሎቹ በወግ ነው የሚቀመጡት፤ እነዚህ ግን የተበተነ ገበያ መስለዋል። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ ኒውክለሳቸው የጠቆረ፣ ቅርጽ ያጣ። የእኔ ናቸው። ከእኔ ሥጋ ነው የወጡት። ብዙ አየኋቸው። ከዚያ፣ የማውቀውን ለማሳየት ያህል፣ «እነዚህ እንግዲህ ቴሎመሬዝ የቀሰቀሱ ናቸው» አልኩ።

«ማን ነገረሽ?»

«ሁሉም የካንሰር ሴል...»

«ሁሉም አይደለም» አለችኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ንቀት አልነበረም። «ብዙው አዎ። የአጥንት ካንሰር ግን ብዙ ጊዜ ቴሎመሬዝ የለውም። ኢንዛይሙን ሳይነካ ጫፉን ያስረዝማል። ሌላ መንገድ አለው።»

ክው አልኩ። ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ አነሣሁ። «ምን መንገድ?»

ወረቀት ስባ ሥዕል ሠራችልኝ። «ዲኤንኤ ሲበጠስ ሴሉ ይጠግነዋል፤ ይህን ታስተምሪያለሽ። ሲጠግን ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ዲኤንኤ ፈልጎ፣ እሱን እያየ ነው የጎደለውን የሚሞላው። እነዚህ ሴሎች ያንን የጥገና ሥራ ለቴሎመር ያውሉታል። ጫፉ ያጠረበት ክሮሞዞም ወደ ሌላ ክሮሞዞም ጫፍ ይጠጋና ከእሱ ላይ ይገለብጣል።»

«ይኮርጃል ማለት ነው?»

«ይኮርጃል» አለች፤ ሳቋ መጣ። «አስተማሪ መሆንሽን አሁን አመንኩሽ። ጤነኛ ሴል ውስጥ ይህ እንዳይሆን የሚከላከሉ ፕሮቲኖች አሉ። በብዙዎቹ እንዲህ ባሉ ካንሰሮች ውስጥ ከእነዚያ አንዱ ይጠፋል። ጠባቂው ሲጠፋ መኮረጁ ይጀመራል።»

የእኔስ እንደዚያ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። በመደበኛው ምርመራ እንደማይታወቅ፣ ውጭ አገር አብራቸው የምትሠራ አንድ የምርምር ቡድን እንዳለ፣ ከፈቀድኩ ከናሙናው ቆርሳ መላክ እንደምትችል ነገረችኝ። «ግን እወቂ» አለችኝ፤ «ውጤቱ ሕክምናሽን አይቀይረውም። ኬሞውም ያው ነው፤ ቀዶ ሕክምናውም ያው ነው።»

«ሰሌዳዬን ይቀይረዋል» ብዬ ፈረምኩ።

እግሬ ከጉልበት በላይ ተቆረጠ። ስለዚያ ቀን ብዙ አልጽፍም። ከሰመመን ስነቃ መጀመሪያ ያየሁት አባቴን ነው፤ በአንሶላው ላይ ጠፍጣፋ የሆነውን ቦታ ላለማየት ኮርኒሱን ያይ ነበር። «አባዬ፣ እዚህ ተመልከት፤ ፊቴ አልተቆረጠም» አልኩት። ተመለከተኝ። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ፤ ከጎኔ የተኛችው ሴትም አብራን አለቀሰች። ስንጨርስ ለሦስታችንም ሻይ አዘዘ።

የምርመራው ውጤት የመጣው ከወራት በኋላ ነው። በሕክምናው ዙሮች መሃል ለዕረፍት ድሬዳዋ ተመልሼ፣ በረንዳችን ላይ በክራንች መራመድ ስለማመድ ፓቶሎጂስቷ ደወለች። ናሙናዬ ውስጥ ቴሎመሬዝ አልተገኘም። ቴሎመሮቹ ግን ነበሩ፤ ያውም እኩል ያልሆኑ፣ አንዳንዱ ከልክ በላይ የረዘመ፣ አንዳንዱ ደግሞ ሊያልቅ የደረሰ። ጠባቂው ፕሮቲንም ጠፍቷል። «ያልኩሽ ነው» አለችኝ። «ይኮርጃሉ።»

ይህን ለሰው ስነግር፣ «ብልጥ ነገር ነው አቦ!» የሚለኝ አይጠፋም። ያናድደኛል። ብልጥ አይደለም። አያስብም፤ አያቅድም። የተበላሸ ሴል ነው፤ ጠባቂ አጥቶ የገዛ ጥገናዬን በእኔው ላይ ያዞረ። ማድነቅ የሚፈልግ ሰው ያቺን ፓቶሎጂስት ያድንቅ።

በዚያው ሰሞን የአባቴ የድሮ የሥራ ባልደረባ ከጅቡቲ መጣ። ሊጠይቀኝ ሲገባ አንድ ጠርሙስ እንክብል ይዞ ነበር። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ በክብር አስቀመጠው። አባቴ መነጽሩን አድርጎ፣ ባቡር ቤት በተማራት ፈረንሳይኛ፣ ጽሑፉን ቃል በቃል ተረጎመልን። «ቴሎመሬዝን ይገታል» ይላል። «ካንሰርን ከሥሩ ያደርቃል» ይላል። ሲጨርስ ዓይኑ በርቶ ነበር።

«አየሽ?» አለኝ። «ቴሎመሬዝ! ያንቺው ነው!»

እውነቱን ነው። ለዓመታት በምሳ ሰዓት የክፍል ትምህርቴን ስደግምለት የኖርኩት እኔ ነኝ። ቃሉን ከእኔ ነው የተማረው።

«አባዬ፣ የእኔ ካንሰር ቴሎመሬዝ የለውም።»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ሁሉም አለው ያልሽው?»

«ተሳስቼ ነበር።»

«ያን ጊዜ ከተሳሳትሽ አሁንም ብትሳሳቺስ?» ድምፁ ተሰበረ። «ብትውጪው ምን ይጎዳሻል? ለእኔ ብለሽ።»

ለእሱ ብዬ የማላደርገው ነገር ጥቂት ነው። ይኼ ግን ከጥቂቶቹ አንዱ ነበር። በጠርሙሱ ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም፤ ከኬሞው ጋር ተጋጭቶ ጉበቴን ቢጎዳውስ? ቢሠራ እንኳ እኔ ውስጥ የሌለን ነገር ነው የሚገታው። ይህን ሁሉ በእንግዳው ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። እንግዳው ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። አባቴ ጠርሙሱን ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠና ሁለት ቀን አላናገረኝም። ምግቤን አስቀምጦልኝ ይሄዳል።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን ገብታ ሁለታችንንም ተቆጣች። «አንተ ሽማግሌ፣ ልጅህ መምህርት ናት፤ ታስተምርህ! አንቺም፣ አስተምሪው እንጂ አትጩሂበት!»

እንግዲህ አስተማርኩት። ከትምህርት ቤት ያመጣሁትን ጠመኔ አወጣሁና የበረንዳው ሲሚንቶ ላይ፣ መሬት ቁጭ ብዬ፣ ክሮሞዞሞችን ሣልኩለት። እሱም ፊት ለፊቴ መሬት ተቀመጠ። ጎረቤታችን ደረጃው ላይ ሆና ትሰማለች። ጫፉ ሲያጥር፣ ወደ ሌላው ሲጠጋ፣ ሲገለብጥ፤ ሁሉንም አሳየሁት። አባቴ ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አየና በጣቱ ነካው።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አለ። «ዕቃ ስንሠራ ከናሙና ነበር የምንገለብጠው። ናሙናው ራሱ አጭር ከሆነ ግን የምትሠሪውም አጭር ነው። ሁሉም ጫፎች ካጠሩ፣ ሴሉ ረጅሙን ከየት ያመጣል?»

ዘጠኝ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ ለፓቶሎጂስቷ ደወልኩና ድምፁን ለሁሉ እንዲሰማ አደረግሁት።

«ማነው የጠየቀው?» አለች።

«አባቴ ነው። ብረት ሠሪ ነው።»

«ተመራማሪዎችም የጠየቁት ይኼንኑ ነው» አለች። «አንዳንዶቹ ጫፎች በጣም ረጃጅም ናቸው፤ ከነሱ ይገለበጣል። በተጨማሪ ከቴሎመሩ ተቆርጠው እንደ ቀለበት የዞሩ ቁርጥራጭ ዲኤንኤዎች አሉ። ቀለበት መጨረሻ የለውም፤ በላዩ እየዞሩ ሲገለብጡ ረጅም ነገር ይወጣል ተብሎ ይታሰባል። ገና ያልተጠናቀቀ ነው፤ ሁሉንም አናውቅም።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ስልኩ ሲዘጋ ተነሥቶ ገባ፤ ጠርሙሱን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርዶ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። ይቅርታ አላለኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ድሮም በቤታችን ይቅርታ የሚባለው በምግብ ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ወደ ከዚራ ሰፈር ወርዶ ማር የፈሰሰበት ትኩስ ፈጢራ ይዞልኝ መጣ።

የቀረውን ኬሞ ጨረስኩ። ሰው ሠራሽ እግር ተሠራልኝ። በመስከረም ወደ ትምህርት ቤት ስመለስ ምክትል ርእሰ መምህሩ በር ላይ ተቀበለኝ፤ ደግ ሰው ነው፤ ክፋት የለበትም። ቤተ መጻሕፍቱን እንድይዝ እንደታሰበ ነገረኝ። ማራገቢያ አለው፤ ወንበሩም ምቹ ነው።

«ሌላ የባዮሎጂ መምህር ቀጥራችኋል?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያው ቤተ መጻሕፍቱን ለሌላ ሰው ስጡት። እኔ እግሬን እንጂ ትምህርቴን አልቆረጡኝም።»

«ለአንቺ ብለን ነው እኮ...»

«አውቃለሁ። ለእኔ ብላችሁ ክፍሉን ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት አውርዱልኝ።»

አወረዱልኝ።

የመጀመሪያው የቴሎመር ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ለተማሪዎቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ከእናንተ በፊት የነበሩትን በሙሉ አሳስቻለሁ» አልኩ። «ብዙ ካንሰሮች ቴሎመሬዝ ይጠቀማሉ። አንዳንዶቹ አይጠቀሙም። አንደኛው እኔ ውስጥ ነበር።» ፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ማልቀስ ጀመረች። «ማልቀሱን ተዪና ጻፊ፤ ፈተና ላይ ይመጣል» አልኳት።

መጣም። ከተማው ውስጥ ያሉ አምስት የግል ትምህርት ቤቶች በጋራ የሚያዘጋጁት የሞዴል ፈተና አለ። በባዮሎጂው ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ የቀረበ አንድ እውነት ወይም ሐሰት ጥያቄ ነበር፤ በአማርኛ ሲሆን እንዲህ ይላል፦ የካንሰር ሴሎች ሁሉ ቴሎመራቸውን የሚጠብቁት በቴሎመሬዝ ነው። ተማሪዎቼ በሙሉ «ሐሰት» አሉ። የመልስ ቁልፉ «እውነት» ይላል። ክፍሉ በሙሉ ተሳሳተ ተባለ።

ልጆቹ ወረቀታቸውን ይዘው ከበቡኝ። ያለቀሰችው ልጅ አሁን አታለቅስም፤ ተቆጥታለች። «ቲቸር፣ አንቺ ያልሽውን ነው የጻፍነው። አሁን ምን ይሁን?»

«ይታረማል» አልኩ።

የፈተና ኮሚቴው ሌላ ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር የተሰበሰበው። ደረጃውን በአንድ እጄ የብረቱን ድጋፍ ይዤ ወጣሁት። ስገባ ላብ በላብ ሆኜ ነበር፤ ሙቀቱም አግዞብኝ። የሌሎቹ አራት ትምህርት ቤቶች የባዮሎጂ መምህራንና ሰብሳቢው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ከደጋ የመጣ፣ ድሬን ገና ያልለመደ የሒሳብ መምህር ነው።

«አንተ ነህ ሰብሳቢው?» አልኩት። ድሬ ላይ አንቱታ አናውቅም፤ አባቴንም ሐኪሜንም እንዲሁ ነው የምጠራው። እሱ ግን ፊቱ ቅጭም አለ።

«እኔ ነኝ። አቤቱታዎን ያቅርቡ» አለኝ፤ «ዎን» የምትለዋን ረገጥ አድርጎ።

አቀረብኩ። ሲያዳምጥ ቆየና ፊቱ ካለው ክምር አንድ ያረጀ ወረቀት መዘዘ። «ጥያቄው ከየት እንደመጣ ያውቃሉ? ከጥያቄ ባንኩ ነው። ይኼ የማን የእጅ ጽሕፈት ነው?»

አየሁት። የእኔ ነው። ከመታመሜ በፊት የሰጠሁት ጥያቄ ነው፤ «ሁሉ» የሚለው ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ከመምህራኑ አንዱ ሳቁን ለመደበቅ ሳል ጀመረ።

ፊቴ ጋለ። ተመልሼ ደረጃውን ብወርድ ደስ ባለኝ። ግን ልጆቹ ይጠብቁኛል። «ጥያቄው የእኔ ነው» አልኩ። «መልሱንም እኔ ነኝ የሰጠሁት። ተሳስቻለሁ። ስሕተቴን እኔ ካላረምኩት ማን ሊያርመው ነው?»

«ቁልፉ አንዴ ጸድቋል። ቢበዛ ጥያቄውን መሰረዝ እንችላለን።»

«አይሰረዝም። ከተሰረዘ ትክክል የመለሱትም የተሳሳቱትም እኩል ይሆናሉ። የእኔ ልጆች ትክክል ናቸው።»

«ማስረጃዎ ምንድን ነው? ከመጽሐፍ ያሳዩን።»

«መጽሐፉን ክፈቱት። የካንሰር ሴሎች ይላል እንጂ ሁሉም አይልም። ሁሉን የጨመርነው እኛ ነን።» ከዚያ ከቦርሳዬ የምርመራዬን ወረቀት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ይኼ ደግሞ ከግራ እግሬ የተወሰደ ናሙና ውጤት ነው። ቴሎመሬዝ አልተገኘበትም። ቴሎመሩ ግን አለ። አንድ ካንሰር ነው፤ አንድ ብቻ። አንተ ሒሳብ ነው የምታስተምረው። ሁሉም ለሚል ዐረፍተ ነገር ስንት ተቃራኒ ምሳሌ ያስፈልጋል?»

ወረቀቱን አነሣ። ቀስ ብሎ አነበበው፤ ስሜን፣ «ግራ ጭን» የሚለውን፣ ከታች ያለውን ማኅተም። ሲጨርስ በሁለት እጁ መልሶ ሰጠኝ።

«አንድ» አለ። «አንድ ይበቃል።» እስክሪብቶውን አነሣና ቁልፉ ላይ ያለውን «እውነት» ሰርዞ «ሐሰት» ጻፈ።

ያን ጊዜ ጫጫታው ተነሣ። የሌሎቹ አራት ትምህርት ቤቶች ልጆች አንድ ነጥብ ሊያጡ ነው። አንዱ መምህር ተነሥቶ፣ «የኛ ልጆች ካንሰር የያዘው አስተማሪ ስለሌላቸው ይቀጡ?» ብሎ ጮኸብኝ። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ደነገጠ። ሁሉም ደነገጡ። እኔ ግን አልከፋኝም፤ ከጠየቁኝ ሁሉ የተሻለ ጥያቄ ነበር።

«አይቀጡ» አልኩት። «የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቅጣቱ የእኔ ነው። ነጥቡን ከእነሱ አትቀንሱባቸው። በምትኩ አራቱም ትምህርት ቤት መጥቼ እኔው አስተምራቸዋለሁ። ከዚያ ጥያቄው በሚቀጥለው ፈተና ይምጣ፤ ያን ጊዜ የተሳሳተ ይሳሳት።»

ሰብሳቢው ሌሎቹን በዓይኑ ዞረ። የተቃወመ የለም። እንደዚያው ተወሰነ። ወጥቼ የብረቱን ድጋፍ እንደገና ይዤ ደረጃውን ወረድኩ።

አራቱም ጋ ሄድኩ፤ በአራት ቅዳሜዎች፣ በባጃጅ። አንዱ ትምህርት ቤት ጠመኔ አልነበረም፤ ነጩ ግድግዳ ላይ በከሰል ሣልኩ። ሌላው ጋ ልጆቹ ሰው ሠራሽ እግሬን ካላየን አሉኝ፤ ሱሪዬን ሰብስቤ አሳየኋቸውና ወደ ክሮሞዞም ተመለስን። የጮኸብኝ መምህር ክፍል ውስጥ፣ እሱ ራሱ ከኋላ ተቀምጦ ማስታወሻ ሲይዝ አየሁት። ስጨርስ ደፍሮ ጠየቀኝ፦ «ታዲያ ይኼን ሁለተኛ መንገድ የሚዘጋ መድኃኒት አለ?»

«እየፈለጉ ነው» አልኩት። «እስካሁን አልተገኘም።»

«እና አንቺ?»

«እኔ በየሦስት ወሩ ደረቴን እታያለሁ። የአጥንት ካንሰር ሲመለስ ብዙ ጊዜ ሳንባ ላይ ነው።»

ዐይኑን ዝቅ አደረገ። ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ውኃ ሰጠኝ፤ ጠጣሁት።

ባለፈው ዓመት አንዱ ምርመራ ላይ ነጥብ ታየ። ቀኝ ሳንባዬ ላይ፣ ምስር የምታህል። ሐኪሙ የድሮ ቁስል ጠባሳ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ ከሦስት ወር በኋላ እንያት አለ። ሦስቱን ወር እንዴት እንዳሳለፍኩ ሰዎች ይጠይቁኛል። ፈርቼ ነው ያሳለፍኩት። ጠዋት ጠዋት ሰው ሠራሽ እግሬን አስራለሁ። አባቴ ብሎኖቹን የሚያጠብቅ መስሎ አጠገቤ ይንበረከካል፤ የሚጠብቅ ብሎን የለም። ከዚያ ተነሥቼ ሄጄ አስተምራለሁ። አንድም ክፍለ ጊዜ አልቀረሁም። ፈርቶ ማስተማር ይቻላል፤ ሞክሬዋለሁ።

ከሦስት ወር በኋላ ነጥቧ አላደገችም። ከስድስት ወር በኋላም ያቺው ናት። ሐኪሙ ጠባሳ ናት ብሎ ጻፈ፤ እስካሁን ሌላ ነገር አልታየም። ነገ ምን እንደሚታይ እሱም አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። ለሚቀጥለው ምርመራ ቀን ሊይዝልኝ የቀን መቁጠሪያውን ሲያገላብጥ፣ የያዘልኝ ሳምንት የሞዴል ፈተና ሳምንት ሆነ።

«በዚያ ሳምንት አልመጣም» አልኩት። «ልጆቼ ይፈተናሉ።»

«በሽታ ፈተና አያውቅም» አለኝ።

«እኔ ግን አውቃለሁ።»

ከዚያ ገጹን ገለጠና ከፈተናው በኋላ ባለችው ቅዳሜ ጻፈልኝ።